በበረዶ ላይ መንገድ ያሳዩ መምህር፦ ሻለቃ ቴዎዶር ፎን ሌርኽና የጃፓን ተራሮች

አንድ መሣሪያ ከተሠራበት አገር ወደ ሌላ አገር ይሻገር ዘንድ መርከብና የጭነት ሰነድ ይበቁታል። የመሣሪያው ዕውቀት ግን በሣጥን ታሽጎ አይጫንም፤ የሚሻገረው በሰው እግርና በሰው አንደበት ነው። ይህን ቁም ነገር በየሥራ ቦታችን ደጋግመን ያየነው በመሆኑ ለሙያ ባልደረቦቼ እንግዳ አይሆንም። ሆኖም ከሙያችንም ከአየራችንም ርቆ የሚገኝ አንድ ታሪክ ነገሩን ከብዙ የማስተማሪያ መጻሕፍት ይልቅ አጥርቶ የሚያሳይ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ለዘንድሮው መጽሔታችን አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ ሌላ ርእስ አልፈለግሁም። ታሪኩ የአንድ ኦስትሪያዊ መኮንን የሕይወት ታሪክ ነው። ቦታው በረዶ የሚከመርባቸው የጃፓን ተራሮች ናቸው። መሣሪያውም በእግር ላይ የሚታሰረው ቀጭን ጣውላ፣ ማለትም ስኪ የሚባለው የበረዶ መንሸራተቻ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

የሃኮዳ ትምህርት

ሌርኽ ጃፓንን ከመርገጣቸው ዘጠኝ ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ በጃንዋሪ 1902፣ በሆንሹ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ በሚገኙት የሃኮዳ ተራሮች ላይ ታላቅ መከራ ደርሶ ነበር። በዚያን ጊዜ የጃፓን ጦር ሠራዊት ከሩሲያ ጋር ጦርነት እንደማይቀርለት ያሰላ ነበር። የጠላት መርከቦች የባሕሩን ዳርቻ መንገድና የባቡር ሐዲድ ቢዘጉት፣ ወታደር በተራራው ውስጥ በበረዶ ወራት ተሻግሮ መጓዝ ይችል ወይስ አይችል እንደሆነ መመርመር ነበረበት። ስለዚህ በአኦሞሪ ከተማ ከሰፈረው 5ኛው የእግረኛ ሬጅመንት 210 ሰዎች ተመርጠው ጃንዋሪ 23 ቀን ጉዞ ጀመሩ። ሊደርሱበት የታሰበው የታሺሮ ፍል ውኃ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቅ ነበር።

ስንቅና ማገዶ የተጫነባቸውን ከባድ ተንሸራታች ጋሪዎች ወታደሮቹ በገመድ እየጎተቱ፣ እስከ ጉልበትና እስከ ወገብ በበረዶው እየሰመጡ ወጡ። ከተራራው ግርጌ በምትገኝ መንደር ያሉ ሰዎች መንገድ መሪ እንዲወስዱ ቢመክሯቸውም ሳይቀበሏቸው አለፉ። ከዚያም የበረዶ ውሽንፍር ተነሣ፤ ሰማይና ምድር አንድ ዓይነት ነጭ ሆነ፤ ጓዱም መንገዱን ስቶ በአንድ አካባቢ ሲዞር ሰነበተ። ከ210ሩ ሰዎች 199ኙ ሞቱ፤ የተረፉት 11 ብቻ ናቸው።

በዚያው ሰሞን ከሂሮሳኪ ከተማ የተነሣ ሌላ ጓድ በእነዚሁ ተራሮች ላይ ይጓዝ ነበር። ይህ የ31ኛው ሬጅመንት ጓድ በሻምበል ፉኩሺማ ታይዞ የሚመራ፣ አንድ ጋዜጠኛ ጨምሮ 38 ሰዎች ያሉት ሲሆን፣ ከመንደር ወደ መንደር አካባቢውን የሚያውቁ ገበሬዎችን መንገድ መሪ እያደረገ አለፈ። ከወታደሮቹ አንድም ሰው አልሞተም። ነገር ግን በመጨረሻው ከባድ ጉዞ ከፊት የቀደሙት ሰባት መንገድ መሪዎች በውርጭ ክፉኛ ተጎድተው ወደየቤታቸው እንደተመለሱ ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። የዕውቀት ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ስሙ በማይጠራ ሰው ነው።

እንግዲህ በአንድ ተራራ፣ በአንድ ሰሞን የሆኑት እነዚህ ሁለት ጉዞዎች ሁለት ጥያቄዎች አስከተሉ። አንደኛው የመሪ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው የመሣሪያ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የሰው እግር በለስላሳ በረዶ ላይ እንዳይሰምጥ ምን ይደረግ የሚል ነው።

የበረዶውና የጣውላው ሒሳብ

በጃፓን ምዕራባዊ ዳርቻ ይህን ያህል በረዶ የሚወርድበት ምክንያት እንደሚከተለው ነው። በብርድ ወራት ከሳይቤሪያ የሚነሣው ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ በጃፓን ባሕር ላይ ሲያልፍ፣ ከደቡብ በሚመጣ ሞቃት ጅረት ከሚሞቀው ውኃ ላይ እርጥበት ይሸከማል። ከዚያም የደሴቶቹ ተራሮች ፊት ለፊት ሲገጥሙት ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሸክሙንም በበረዶ መልክ ያራግፋል። በኒኢጋታ አውራጃ በምትገኘው የታካዳ ከተማ ፌብርዋሪ 26 ቀን 1945 የተለካው የበረዶ ውፍረት 377 ሴንቲ ሜትር ነበር። ይህም በተራራ ጫፍ ላይ ሳይሆን ሰው በሚኖርበት ከተማ ውስጥ ነው። በታካዳ ሰዎች በበረዶ ወራት መተላለፍ እንዲችሉ የየቤቱ ጣሪያ ወደ መንገዱ ረዝሞ የእግረኛ መተላለፊያውን እንዲሸፍን ሆኖ የተሠራው ስለዚህ ነው።

በእንዲህ ያለ በረዶ ላይ የስኪ ጥቅም በቀላል ሒሳብ ይታያል። ክብደቱ 70 ኪሎ የሆነ ሰው የሁለቱ እግሮቹ መርገጫ 500 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው 140 ግራም ይሆናል። ርዝመታቸው 180፣ ስፋታቸው 8 ሴንቲ ሜትር በሆኑ ሁለት ጣውላዎች ላይ ሲቆም ግን ጫናው ወደ 24 ግራም ይወርዳል። ይህም ከቀድሞው አንድ ስድስተኛ ገደማ መሆኑ ነው። የሕንፃ መሠረት በደካማ አፈር ላይ ሲጣል የምንሠራው ሒሳብ ከዚህ የተለየ አይደለም። ሆኖም ጣውላው እንዳይሰምጥ የሚያደርገው ሰው በቁልቁለት ላይ እንዴት ይቆማል? እንዴትስ ይዞራል? ሒሳቡ የማይመልሰው ጥያቄ ይህ ነው።

የሊሊየንፌልድ ትምህርት ቤት

ቴዎዶር ፎን ሌርኽ ኦገስት 31 ቀን 1869 በፕሬስቡርግ ከተማ ተወለዱ። ይህች ከተማ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያና ሀንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር የነበረች ስትሆን፣ ዛሬ ብራቲስላቫ ተብላ የስሎቫኪያ ዋና ከተማ ናት። ሌርኽ የውትድርናን ሙያ መርጠው በንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ውስጥ በማገልገል እስከ ሻለቃነት ደረሱ። ሕይወታቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ የመራው ግን ማቲያስ ስዳርስኪ ከተባሉ ሰው ጋር መገናኘታቸው ነበር።

ስዳርስኪ በ1856 የተወለዱ፣ መምህርም ሠዓሊም የነበሩ፣ በሊሊየንፌልድ ኮረብታዎች ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ኖርዌያዊው ናንሰን ግሪንላንድን በስኪ ያቋረጠበትን ታሪክ አንብበው ከኖርዌይ ስኪ አስመጡ። ሆኖም ለኖርዌይ ሜዳና ዝቅተኛ ኮረብታ የተሠራው ረጅም ጣውላ ለአልፕስ ተራሮች ገደላማ ቁልቁለት አልተስማማም። ስለዚህ ስዳርስኪ በርካታ የብርድ ወራት ብቻቸውን እየወደቁና እየተነሡ ጣውላውን አሳጠሩ፣ ጫማውን የሚይዘውን ማሰሪያ ከብረትና ከሞላ አደላድለው ሠሩ፣ በአንድ ረጅም ምርኩዝ እየተደገፉ በቁልቁለት ላይ የመዞርን ዘዴ አገኙ። በ1896 መጽሐፋቸውን አሳተሙ። በማርች 1905 በሙከንኮገል ተራራ ላይ በተተከሉ ምልክቶች መካከል እየዞሩ የመውረድ ውድድር አደረጉ፤ ይህም የዛሬው የስላሎም ውድድር መነሻ ሆኖ ይቆጠራል።

ከሁሉ በላይ ስዳርስኪ ዘዴውን ሊማር የሚችል ሥርዓት አደረጉት። አንዱ እንቅስቃሴ ከሌላው ይቀድማል፤ ተማሪው የመጀመሪያውን ሳይችል ወደ ሁለተኛው አያልፍም። ሌርኽ ከእሳቸው ዘንድ ሄደው ይህን ሥርዓት ተማሩ፤ በተራራማው የአገራቸው ክፍል ለሚገኙ ወታደሮችም ማስተማር ጀመሩ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የተሠራው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ሊማሩ መጥተው መምህር ሆኑ

ጃፓን በ1904 እና በ1905 ከሩሲያ ጋር ባደረገችው ጦርነት ድል ማድረጓ የአውሮፓን የጦር መምሪያዎች አስደንቆ ነበር። ከዚህም የተነሣ የልዩ ልዩ አገሮች መኮንኖች የጃፓንን ሠራዊት አሠራር ያጠኑ ዘንድ ይላኩ ጀመር። ሻለቃ ሌርኽም በዚህ ተልእኮ በ1910 መጨረሻ ጃፓን ገቡ። የተመደቡት በታካዳ በሰፈረው 13ኛ ክፍለ ጦር ሥር በሚገኘው 58ኛው የእግረኛ ሬጅመንት ነበር። ሻንጣቸው ውስጥ ስኪዎቻቸው ነበሩ።

የ13ኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ናጋኦካ ጋይሺ በሩሲያው ጦርነት ጊዜ ምክትል ኤታማዦር ሹም የነበሩ፣ እጅግ በረዘመው ሪዛቸው የሚታወቁ፣ አዲስ ነገር ሲያዩ የማያልፉ ሰው ነበሩ። በኋላም በጃፓን የአቪዬሽን ሥራ እንዲስፋፋ ብዙ ደክመዋል። እኚህ አዛዥ እንግዳው መኮንን ስኪ ይዘው መምጣታቸውን በሰሙ ጊዜ የሃኮዳን መከራ የሚያስታውስ ሰው ሊያደርግ የሚገባውን አደረጉ። ሊማሩ የመጡትን ሰው አስተማሪ ይሆኑ ዘንድ ጠየቋቸው። የሬጅመንቱ አዛዥ ኮሎኔል ሆሪዩቺ ቡንጂሮም ነገሩን በቅርብ ሆነው ደገፉ።

ጃንዋሪ 12 ቀን 1911 ከታካዳ አጠገብ ባለችው የካናያ ኮረብታ ላይ የመጀመሪያው ትምህርት ተሰጠ። የተመረጡ መኮንኖች በተርታ ቆሙ። ሌርኽ የጃፓንን ቋንቋ፣ ተማሪዎቹም የጀርመንን ቋንቋ አጥርተው ስለማያውቁ ትእዛዙ የተሰጠው በፈረንሳይኛ ነበር። ስኪውን በእግራችሁ እሰሩ የሚለው የመጀመሪያው የፈረንሳይኛ ትእዛዝ ዛሬም በከተማው ሰዎች ዘንድ ይታወሳል። ሁለቱም ወገን የራሱ ባልሆነ ቋንቋ ተገናኝቶ፣ የቀረውን እጅና እግር አስረዳ። በስዳርስኪ ሥርዓት መሠረት ትምህርቱ በሜዳ ላይ ከመራመድ ይጀምራል። ቀጥሎ በቆሙበት መዞር ይመጣል። ከዚያ ቁልቁለቱን በአግድም እየቆረጡ መውጣት፣ በመጨረሻም በምርኩዙ እየተደገፉ ቀስ ብሎ እየዞሩ መውረድ ይከተላል። የጦርነት ጀግኖች የነበሩት መኮንኖች በወታደሮቻቸው ፊት ወደቁ፣ ተነሡ፣ እንደገናም ወደቁ። ማዕረግ በበረዶ ላይ አያቆምምና።

በዚህ ስፍራ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እፈልጋለሁ። ሌርኽ ጃፓን ሲገቡ ስኪ ከነጭራሹ የማይታወቅ ዕቃ አልነበረም። በ1908 ገደማ በሳፖሮ ቋንቋ ያስተምር የነበረ ሃንስ ኮለር የተባለ ስዊዛዊ ስኪ ወደ ሆካይዶ አስመጥቶ ነበር። ተማሪዎቹም ቅርጹን አይተው ሞክረውታል። ነገር ግን ኮለር ራሱ በስኪ የተካነ ስላልነበረ ነገሩ ከሙከራ ብዙም አላለፈም። ከሦስት ዓመት በኋላ በካናያ ኮረብታ ላይ የተጨመረው ነገር ጣውላ አልነበረም፤ ጣውላውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ጃፓኖች ዛሬም ጃንዋሪ 12 ቀንን የስኪ ቀን ብለው የሚያስቡት ጣውላው የገባበትን ቀን ትተው ትምህርቱ የተጀመረበትን ቀን መርጠው ነው።

ናጋኦካም ዕውቀቱ በጦር ሰፈር ተዘግቶ እንዲቀር አልፈቀዱም። የትምህርት ቤት መምህራንና የከተማው ሰዎች ወደ ኮረብታው እንዲመጡ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት የስኪ ማኅበር ተቋቋመ። የታካዳ እንጨት ሠሪዎችም በእንግዳው ስኪ አምሳያ ጣውላ እየፈለጡና እያጎበጡ መሥራት ጀመሩ። መምህር፣ ተማሪና ሠሪ በአንድ ከተማ ሲገናኙ ነገሩ ሥር ሰደደ።

በከፍተኛ ተራሮች ላይ

ሌርኽ በኮረብታዋ ብቻ አልተወሰኑም። በኤፕሪል 1911 የአገራቸው ልጅ ከሆነው ከኤጎን ፎን ክራትሰር ጋር ሆነው ከፍታው 3,776 ሜትር በሆነው በፉጂ ተራራ ገደል ላይ ስኪ ይዘው ወጡ። በ1912 መጀመሪያም ወደ ሰሜኑ ደሴት ወደ ሆካይዶ ተዛውረው በአሳሂካዋ በሰፈረው 7ኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ማስተማር ቀጠሉ። በኤፕሪል 1912 ደግሞ ከፍታው 1,898 ሜትር ወደሆነውና መልኩ ፉጂን ወደሚመስለው ወደ ዮቴይ ተራራ ተማሪዎችን አስከትለው በስኪ ወጡ። መሪ ያለው የተራራ ስኪ ጉዞ በጃፓን ከተጀመረባቸው ቀናት አንዱ ይህ ነው።

ዛሬ ከዮቴይ ማዶ ያለው የኒሴኮ አካባቢ ከመላው ዓለም ሰዎች የሚመጡበት ነው። ከተዘጋጀው የመንሸራተቻ ሜዳ ወጥተው ወደ ዱሩ በረዶ የሚሄዱ ብዙዎቹ መንገድ መሪ ይቀጥራሉ። የአንድ ቀን ጉዞ ሥርዓት ይህን ይመስላል። ጠዋት ከመነሣት በፊት መሪው የአየሩን ሁኔታና የሌሊቱን የነፋስ አቅጣጫ ያጠናል። እያንዳንዱ ሰው በናዳ ቢቀበር ያለበትን የሚጠቁም የሬዲዮ መሣሪያ፣ የሚታጠፍ መመርመሪያ ዘንግና አካፋ መያዙን ይፈትሻል። ከዚያም ወደ ኋላ የማያንሸራትት ጠጉራም ጨርቅ ከጣውላው ሥር ተለጥፎ፣ በነጫጭ ግንድ ዛፎች መካከል በአንድ ተርታ ሽቅብ ይወጣል። ከሁሉ ፊት በረዶውን እየገመሰ የሚሄደው መሪው ነው፤ የተከተሉት የእሱን ፋና ይረግጣሉ።

ሽቅቡ ከማለቁ በፊት መሪው አካፋውን አውጥቶ ጉድጓድ ይቆፍርና የበረዶውን ንብርብር ይመረምራል። የአፈር ጥናት የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል። በየጊዜው የወረደው በረዶ እንደ ደለል በላይ በላዩ ተነባብሮ ይተኛል። ከንብርብሮቹ መካከል አንዱ ልል ከሆነ፣ በላዩ ያለው ሸክም ሲከብድ ወይም ሰው ሲረግጠው ግንኙነቱ ይቆረጥና መላው ገበታ ተነሥቶ ይሄዳል። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባጋደለ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ይኸውም ለመንሸራተት ደስ በሚያሰኘው ቁልቁለት ማለት ነው። ስለዚህ መሪው አደጋ ባየበት ቁልቁለት ሰዎቹን አንድ በአንድ ያሳልፋል። ካልታመነም ሁሉን ይዞ ይመለሳል። የመሪ ብልኃት የሚታወቀው እንግዳው ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ በረዶው አምሮ ሲያየው እንመለስ የማለት ድፍረት ሲኖረው ነው። በ1902 የጠፋው ነገር ቢኖር ይህ ነበር።

የስዳርስኪ ሕይወትም ይህንኑ ይመሰክራል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በናዳ ጉዳይ አዋቂ ሆነው ሠራዊቱን ሲያገለግሉ፣ በፌብርዋሪ 1916 ራሳቸው በናዳ ተመትተው ሰውነታቸው 80 ያህል ቦታ ተሰበረ። ከሞት ተርፈው ብዙ ከታገሉ በኋላ እንደገና በስኪ ላይ ቆሙ። የሚያውቁትም ቢሆን ተራራው ይጥላል። ዕውቀት አደጋን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

ጦርነትና መዘንጋት

ሌርኽ በ1912 ጃፓንን ለቀው በእስያ አገሮች በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዓለም በጦርነት ተቃጠለች። በኦገስት 1914 ጃፓንና የኦስትሪያ ሀንጋሪ መንግሥት ጦርነት ላይ መሆናቸው ታወጀ። በካናያ ኮረብታ ላይ አብረው የወደቁና የተነሡ ሰዎች በአዋጅ ጠላቶች ሆኑ። ሌርኽ በጦርነቱ አገልግለው በሜጀር ጄኔራልነት ማዕረግ ጨረሱ። ነገር ግን በ1918 ያገለገሉት ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ፈረሰ፤ የትውልድ ከተማቸውም በሌላ አዲስ አገር ውስጥ ቀረች። እሳቸውም ጡረታ ወጥተው ስለ ጃፓን ንግግር በማድረግና ትዝታቸውን በመጻፍ በቪየና ኖሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ዓመት፣ ዲሴምበር 24 ቀን 1945፣ በገና ዋዜማ በዚያው በቪየና ዐረፉ።

ያስተማሩት የአንድ ምርኩዝ ዘዴም ከእሳቸው በፊት ሞተ ለማለት ይቻላል። በሆካይዶ ያሉ ወጣቶች የኖርዌይን የሁለት ምርኩዝ አካሄድ ያዙ። በ1923 በኦታሩ ከተማ የመጀመሪያው የመላ ጃፓን የስኪ ውድድር ሲደረግ ሁለቱ ዘዴዎች ፊት ለፊት ተገናኙ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የሁለት ምርኩዙ ዘዴ አገሩን ሁሉ ወረሰ። ሌርኽን ያስተናገደው 13ኛ ክፍለ ጦር እንኳ በ1925 ፈረሰ። እንግዲህ ዘዴው ተለወጠ፣ ሰፈሩ ተዘጋ፣ መምህሩም ሄዱ። ምን ቀረ?

የቀረው ችሎታ ነው። የተማሩት ሰዎች የተማሩትን ዘዴ መዝነው፣ የተሻለ ሲያገኙ ጥለው፣ በራሳቸው እግር መሄድ ችለዋል። በ1928 ስድስት ጃፓናውያን በሴንት ሞሪትዝ የበረዶ ወራት ኦሊምፒክ በስኪ ተወዳደሩ። በ1956 በኮርቲና በተደረገው ኦሊምፒክ ኢጋያ ቺሃሩ በስላሎም ሁለተኛ ወጥቶ ለአገሩ የመጀመሪያውን የበረዶ ወራት ሜዳሊያ አስገኘ። አንደኛ የወጣው ቶኒ ሳይለር ኦስትሪያዊ ነበር። ስዳርስኪ በሙከንኮገል ላይ ከጀመሩት ውድድር 51 ዓመት በኋላ የመምህሩና የተማሪው አገር ልጆች ጎን ለጎን ቆሙ። በ1972 ደግሞ በሳፖሮ በተደረገው ኦሊምፒክ ከ70 ሜትር መዝለያ ላይ ካሳያ ዩኪዮና ሁለት ጓደኞቹ ሦስቱንም ሜዳሊያዎች ለጃፓን አደረጉ።

የታካዳ ሰዎችም ውለታውን አልረሱም። በ1961፣ የመጀመሪያው ትምህርት በተሰጠ በ50ኛው ዓመት፣ በካናያ ኮረብታ ላይ የሌርኽ ሐውልት ቆመ። ሐውልቱ ረጅሙን አንድ ምርኩዝ ይዟል። ታካዳ በ1971 ከጎረቤቷ ጋር ተዋህዳ ጆኤትሱ ስትባል፣ ይህችው ከተማ በ1981 ከሊሊየንፌልድ ጋር የእኅትማማች ከተማነት ውል አሰረች።

ለእኛ የሚቀረው

የአገራችን ሊቃውንት ጃፓን ከባዕድ እንዴት እንደተማረች ማሰብ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ያንን አገር ጎብኝተው ሲመለሱ ያዩትን በመጽሐፍ ያቀረቡት ለዚሁ ነበር። ብዙዎቻችን ጥያቄውን ስናነሣ የምናስበው ፋብሪካውንና መርከቡን ነው። እኔ ግን ከዚህ ታሪክ ያገኘሁት ትምህርት ከዚያ ያነሰና ለእያንዳንዳችን የቀረበ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር የውኃ ሥራ ላይ ተመድቤ ሳለሁ ሦስት አዳዲስ ፓምፖች ከውጭ አገር መጡ። ሣጥኖቹን ከፍቼ ዕቃውን ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሬ የርክክቡን ሰነድ የፈረምሁ እኔ ነበርሁ። ሁሉም ነገር ተሟልቷል ብዬ ጻፍሁ። በዝርዝሩ ላይ አስተማሪ የሚል መሥመር አልነበረም፤ እኔም የት አለ ብዬ አልጠየቅሁም። ፓምፖቹ አንድ ዓመት ከግማሽ በሸራ ተሸፍነው ተቀመጡ፤ የመንደሩ እናቶችም እንደ ቀድሞው ወንዝ ወረዱ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት መካኒክ መጥተው ሁለት የመንደሩን ወጣቶች አጠገባቸው አስቀምጠው አምስት ቀን አስተማሩ። በስድስተኛው ቀን ሞተሩን ያስነሡት ወጣቶቹ ናቸው፤ መካኒኩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከሩቅ ያዩ ነበር። ያን ፊርማዬን ባሰብሁ ቁጥር አፍራለሁ።

የሌርኽ ሕይወት ያስተማረኝም ይህንኑ ነው። በሣጥን የመጣ ዕቃ ምንም ያህል ቢረቅ፣ ከፊት ቀድሞ ፋናውን የሚያሳይ ሰው ከሌለ ጣውላ ሆኖ ይቀራል። መሪውም ሥራውን አሳምሮ ከሠራ ተከታዮቹ አንድ ቀን የእሱን ምርኩዝ ጥለው በራሳቸው ያልፉታል። የማኅበራችን አባላት ወደፊት የርክክብ ሰነድ ስንፈርም በዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈውን መሥመር በገዛ እጃችን እንድንጨምር አደራ እላለሁ። መሥመሩ አጭር ነው፤ አስተማሪ ማን ነው፣ ከእሱስ በኋላ የሚያስተምረው ማን ነው የሚል ነው።